ከሰማንያኛው ረድፍ በታች

አቶ ኤልመር ሃውግ የተገኙት በራሳቸው ወጥ ቤት ወለል ላይ፣ ካፖርት በካፖርት ደርበው፣ ግንባራቸው ተፈንክቶ ነው። ያገኛቸው የእህታቸው ልጅ ግሌን ነበር። የአደን ሥጋ ሊያደርስላቸው መጥቶ ቢያንኳኳ መልስ አጣ፤ በሩን ገፋ ሲያደርገው ተከፈተ። ቤቱ ከደጁ እኩል ቀዝቅዟል። ዕቃ ማጠቢያው ላይ የቀረው ውሃ ሳይቀር በረዶ ሆኗል።

መርማሪ ሳጅን ዋልት ቦይቹክ ሲደርስ አምቡላንሱ አዛውንቱን ይዞ ሄዷል። ትንፋሽ አላቸው ተባለ፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ የሰጠ ሰው ግን አልነበረም። ቦይቹክ ጡረታው የደረሰ፣ ገዘፍ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ኦትሶ ሌክ ደግሞ ከኦንታሪዮ ሰሜን፣ ሐይቅና ጥድ ሰውን በሚበልጥበት አገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ሰው ሰክሮ ይታሰር ይሆናል እንጂ አዛውንት ፈንክቶ ለብርድ ጥሎ የሚሄድ አውሬ ታይቶ አይታወቅም።

"ዋልት፣ ና እስቲ ይህን እይ" አለው ግሌን።

ከጓሮው እስከ መንገዱ ድረስ በረዶው ላይ ቀይ ነገር ተንጠባጥቧል።

"ደም ነው አይደል? እዚህ መትተው ወደ ውስጥ ጎትተዋቸዋል።"

"ወይም ውስጥ መትተው በዚህ ወጥተዋል።" ቦይቹክ ከቀዩ በረዶ ጥቂት ዝቆ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጠረ። "አንተ መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?"

"ባለፈው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ።"

"ተጣልታችሁ ነበር አሉ።"

"ከተማው ሁሉ ሰምቶናል፣ ምኑን እደብቅሃለሁ? እርሻውን ይሽጡት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያሉኝን እናቴ በሕይወት ኖራ ብትሰማ ወንድሟን በጥፊ ትለው ነበር።" ግሌን ፊቱን ወደ ቀዘቀዘው ቤት አዞረ። "እኔን ከምታፋጥጥ አይላን ለምን አትጠይቃትም? ጠዋት ጠዋት ለሁሉም ይደወላል፤ ለአጎቴ ግን የደወለ የለም። የወደቁት እኮ ስልኩ ሥር ነው። ተደውሎ ባያነሱ በዚያው ቀን ሰው ይመጣላቸው ነበር።"

ቦይቹክ ከረጢቱን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ።

በኦትሶ ሌክ በረዶ ከገባ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ጠዋት ጠዋት ይደወላል። "ተነስተዋል?" "ተነስቻለሁ።" በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ስልኩን ያላነሳ ካለ ሰው ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ይህን ያቋቋሙት ከወረቀት ፋብሪካው ቢሮ ጡረታ የወጡት ወይዘሮ አይላ ሳልሚ ናቸው። የቦይቹክ እናት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው አጥንታቸው ሲሰበር የደረሰላቸው ያ ስልክ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ተጨመረላቸውና በአልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አረፉ። ያቺን ክረምት ቦይቹክ የወይዘሮ አይላ ስጦታ አድርጎ ነው የሚቆጥራት። አሁን ሄዶ እሳቸውኑ መመርመር ሊኖርበት ነው።

*

ወይዘሮ አይላ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው ጠበቁት። ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

"ስሙ አለ፣ ዋልት። ይኸው፣ እየው።"

ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ የኤልመር ሃውግ ስም አለ። ከጎኑ "ቤት" ይላል። ብርዱን ሽሽት ፍሎሪዳ የወረዱት ሰዎች አጠገብ ደግሞ "ሄደዋል" የሚል ተጽፏል።

"ጠዋት ይህቺን ቁልፍ እጫናለሁ። ቤት ያሉትን ብቻ አጣርታ ሌላ ገጽ ላይ ታወጣልኛለች። አትሜ ለደዋዮቹ አካፍላለሁ።"

"የሰሞኑን ወረቀቶች ያሳዩኝ።"

አንድ በአንድ አገላበጣቸው። የኤልመር ስም በአንዳቸውም ላይ የለም።

"እኔ አላወጣሁትም" አሉ አይላ።

"ደዋዮቹስ አልጠየቁም?"

"እያንዳንዱ የያዘው ቁራጭ ወረቀት ነው። ሌላዋ ደውላለታለች ይላል።"

"ከኤልመር ጋር ቃል ተለዋውጣችኋል ይባላል።"

"የወሬ ማኅበር ነው የያዝሽው አለኝ፣ ሰው በተሰበሰበበት። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽህም። ግን እኔ ለማይወዱኝም እደውላለሁ። ለሚወዱኝ ብቻ ብደውል ኖሮ ቁርሴ ሳይቀዘቅዝ እጨርስ ነበር።"

ቦይቹክ ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም።

"ዓርብ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል" አሉ። "ጥሪው ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ነገሩን እስከዚያ ካላጠራኸው መዝጋታቸው ነው። ለእኔስ እኔ ነኝ፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ጠዋት ጠዋት ማን ሊደውልላቸው ነው?"

"ይህን ወረቀት ሙሉውን የሚያይ ሌላ ማን አለ?"

"ብሬንት፣ በረዶ የሚጠርገው። በመከር የሁሉንም ስምና አድራሻ ሰጥቼዋለሁ። ጠዋት ደግሞ የዕለቱን እሰጠዋለሁ፤ ቤት ላሉት መግቢያቸውን እንዲጠርግላቸው።"

*

በማግስቱ ቦይቹክ ቢሮው ሲገባ አፍንጫውን ያዘ። ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ያደረው ከረጢት ቀልጦ ክፍሉ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። ቀዩን ውሃ በጣቱ ነክቶ አሸተተው። ደም አይደለም። ቀረጥ የማይከፈልበት የቤት ማሞቂያ ነዳጅ ሰው መኪናው ውስጥ እንዳይጨምረው ቀይ ቀለም ይደባለቅበታል፤ ይህን ደግሞ በዚህ አገር የማያውቅ የለም።

"እኔስ ምን ዓይነት መርማሪ ነኝ" አለ ለራሱ። "አጎንብሼ ባሸተው ምን ነበረበት?"

ለነዳጅ አከፋፋዩ ደወለለት። የኤልመር ታንከር በገና ሰሞን ተሞልቷል፣ በረዶው እስኪቀልጥ ያደርሳቸው ነበር፣ አለው። ቦይቹክ ሄዶ ታንከሩን በጣቱ ሲያንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ክዳኑም ጠማማ ነው የተዘጋው።

ሐኪሙም ያንኑ የሚደግፍ ነገር ነገሩት፦ አዛውንቱ ሰው አልመታቸውም፤ በጉንፋን የተዳከመ ሰውነታቸው ብርዱን አልቻለም፣ ወደ ስልኩ ሲሄዱ ወድቀው የጠረጴዛ ጠርዝ ነው ግንባራቸውን ያገኘው። ግሌን ደግሞ ያን ሰሞን በሌላ ከተማ የሆኪ ውድድር ሲዳኝ ነበር የከረመው። አሠልጣኞቹ በውሳኔው ተናደው ስለነበር ማንም አልረሳውም።

እንግዲህ የነዳጅ ሌባ ነው። ግን ቦይቹክን አንድ ነገር ሰላም ነሳው። በዚህ ብርድ ሰው ከተኛበት ቤት ነዳጅ የሚቀዳ፣ ወይ ነፍሰ ገዳይ ነው ወይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ማንም እንዳይደውልላቸው ስማቸውም ከወረቀቱ ጠፍቷል። ሁለቱን ነገር አንድ እጅ ከሠራው፣ ያ እጅ የአይላ ነው ብሎ ከተማው ሁሉ አስቀድሞ ፈርዷል።

*

ብሬንትን ያገኘው ከአንዲት አሮጊት ቤት ፊት ነው፤ ፒክአፑ ላይ በገጠመው መጥረጊያ በረዶውን ወደ ዳር ይገፋል። ከደቡብ ከመጣ ገና ሁለተኛ ክረምቱ ነው። የአዛውንቶቹን መግቢያ በነፃ ስለሚጠርግ ኬክና ሾርባ ያልላከለት ቤት የለም።

"ሳጅን፣ ቡና ልቅዳልዎት? ፊትዎ ቀላ።"

"እግዜር ይስጥልኝ።" ከፔርሙሱ ክዳን አንድ ሁለት ጠጣ። "የኤልመር ሃውግን መግቢያ ሳትጠርግ ቀረህ።"

"ወረቀቴ ላይ የሉም እኮ። እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የምጠርገው።"

"በዚያ ስታልፍ ያየኸው ነገር አለ?"

"ባዶ ቤት ምን ይታይበታል፣ ሳጅን?"

ቦይቹክ ልቡ ሌላ ጋ ነበርና ነገሩ አለፈው። "አምና የእናቴን ደረጃ ስትጠርግላቸው አመስግኜህ ይሆን?"

"ኬክ ልከውልኛል፣ ይበቃል" አለ ብሬንት፣ ዓይኑን ወደ መጥረጊያው መልሶ።

*

ከሰዓት በኋላ ቦይቹክ ምድር ቤት ወረደና ከአይላ ጎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ይህቺን ቁልፍ ማን ሠራልዎት?"

"እኔው። ድሮ በእጄ ነበር የማጣራው፤ አይኔ ደከመ። ማክሮ የሚባል አለ፣ ሥራሽን ቀድቶ ይደግምልሻል አሉኝ። መቅጃውን ከፈትኩ፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች መርጬ ቤት ያሉትን አንዴ በእጄ አጣራሁ፣ ከዚያ ዘጋሁት። እሷም ያን ዕለት የሠራሁትን ይኸው እስከ ዛሬ ትሠራልኛለች።"

"ያን ዕለት የሠሩትን" አለ ቦይቹክ ቀስ ብሎ። "ሌላ ሳትጨምር?"

"ምን ትጨምራለች? ማሽን ናት።"

ቦይቹክ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረና ከሁሉ ግርጌ በአንድ ጣቱ ስሙን ጻፈ፦ ዋልት ቦይቹክ። ከጎኑም "ቤት" አለ። "ይጫኑት።"

አይላ ተጫኑት። ገጹ ወጣ። ቦይቹክ የለም።

ስሙን ወስዶ ከዝርዝሩ አናት፣ ከሌሎቹ መካከል አስገባው። "ደግመው ይጫኑት።"

አሁን አለ። ወደ ግርጌው መለሰው፤ ጠፋ። ሁለቱ ተያዩ።

"ውስጧን ይክፈቱልኝ" አለ። የማክሮው ጽሑፍ ሲወጣ አብዛኛውን አንዳቸውም አልገባቸውም። አንዱን መስመር ግን ሁለቱም አነበቡት፤ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ ሰማንያኛው ይላል።

አይላ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ያን ጊዜ ዝርዝሩ ሰማንያኛው ረድፍ ላይ ነበር የሚያልቀው።"

"ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ሰው ገብቷል?"

"ብዙ ገብቷል። ግን ሰው ሲሞት ረድፉን አጠፋዋለሁ፣ ከታች ያለው ከፍ ይላል። ለዓመታት የሞተውን የመጣው ሲተካው ሰማንያን አልፎ አያውቅም ነበር።" ጣታቸውን ሰማንያኛው ረድፍ ላይ አደረጉ። "ዘንድሮ ጥሩ መከር ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም አልሞተብኝም።"

ቦይቹክ እጃቸውን ያዝ አደረገ። ሰው ስላልሞተባቸው ነው ይህ ሁሉ የመጣው፤ እንዲህ ያለ ጥፋት ደግሞ የትኛው ሕግ ላይ እንደሚገኝ አያውቅም። ግርጌውን ተመለከተ። ሰማንያ አንደኛው ረድፍ ላይ ኤልመር ሃውግ አሉ፤ በመከር እርሻቸውን ትተው ከተማ የገቡት። ከእሳቸው በታች፣ ከቦይቹክ የሙከራ ስም በላይ፣ ሌላ አንድ ስም አለ።

"ኢርማ" አሉ አይላ፣ ስልኩን እየነጠቁ።

ስልኩ ጠራ። ደግሞ ጠራ። የሚያነሳው የለም።

*

የኢርማ መግቢያ አልተጠረገም። መኪናውን መንገድ ላይ ትተው በረዶው ውስጥ እየሰመጡ ገቡ። አይላ ሁለት ጊዜ ወደቁ፣ ቦይቹክም ሁለት ጊዜ አነሳቸው። ከጥዶቹ ጀርባ ጭስ ሲያይ እርምጃውን አፈጠነ።

ወይዘሮ ኢርማ ከጓሮ መጥረቢያ ይዘው ብቅ አሉ።

"መጥረቢያውን ያስቀምጡት፣ እማማ። ፖሊስ ነኝ።"

"ፖሊስ መሆንህንማ አያለሁ። ይህቺን ነው ያላወቅኳት።" ወደ አይላ በመጥረቢያው እጀታ ጠቆሙ። "ዳቦሽ ደርቋል ስላልኩሽ ነው አይደል? ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን አልደወልሽልኝም። አሁን ደግሞ ከፖሊስ ጋር ትመጪብኛለሽ።"

አይላ እየሮጡ ሄደው የኢርማን አንገት አቅፈው አለቀሱ።

"ምን ሆነሽ ነው? በቃ፣ ዳቦሽ አልደረቀም" አሉ ኢርማ ደንግጠው። "ስልክሽንም አልሰማሁት፣ እንጨት እየፈለጥኩ ነበር።"

ቦይቹክ ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆመ። ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ ቆይቷል፤ ያን ሰዓት ግን ተመስገን አለ፣ ጮክ ብሎ። ከዚያ የነዳጅ ታንከሩን ሊያይ ዞረ። ታንከሩ ሙሉ ነው። በረዶው ላይ ግን የሰነበተ የጫማ ዱካ አለ። ከመንገዱ ተነስቶ ወደ ታንከሩ ያመራል፣ ግማሽ ግቢ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። ቦይቹክ ዱካው የተመለሰበት ቦታ ሄዶ ቆመና ቀና አለ። ከጥዶቹ መሐል የኢርማ ጭስ ማውጫ የሚታየው ከዚያች ቦታ ነው።

ሌባው ጭሱን ሲያይ ተመልሷል። ሰው ያለበት ቤት አይፈልግም ማለት ነው። የኤልመርን ቤት የገፈፈው ታዲያ ባዶ መስሎት ነው። ኤልመር ቤታቸው እንዳሉ በከተማው የማያውቅ ማን አለ? ከተማውን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው።

ባዶ ቤት ምን ይታይበታል፣ ሳጅን?

*

ፍሎሪዳ የወረዱትን ሰዎች ቤት እየዞረ ታንከራቸውን አንኳኳ። ከያንዳንዱ ባዶ ድምፅ መለሰለት። ብሬንትን ያገኘው ቤቱ ደጃፍ፣ ፒክአፑን ሲያጥብ ነው። በጭነቱ ቦታ ላይ ጥቁር ታንከር ታስሯል። የቱቦው ጫፍ ቀይ ነው።

"ኢርማ ደኅና ናቸው" አለ ቦይቹክ። "ጭሱን አይተህ የተመለስክባቸው።"

ብሬንት ውሃውን ዘጋው።

"ኤልመር ቤት ግን ጭስ አላየህም።"

"ጭስ የለም፣ መብራት የለም፣ መኪና የለም። ወረቀቱ ላይም የሉም። ሄደዋል ብዬ ነው።" እጁን ዘረጋ። "ሰው አለ ብዬ ቢሆን እጄን ይቁረጠው።"

"እሳቸው ማሞቂያውን ዝቅ አድርገው፣ በጊዜ መብራት አጥፍተው ነው የሚተኙት። መንጃ ፈቃዳቸውም ተወስዷል።"

ብሬንት የመኪናውን ጎማ ተደግፎ በረዶው ላይ ተቀመጠ። "ለከተማው ሽማግሌ ሁሉ በረዶ እጠርጋለሁ፤ ነዳጁ ከየት ይምጣ? ፀሐይ ላይ ተጋድሞ የሚከርም ሰው ምን ይጎድልበታል አልኩ።"

"ብትጠይቅ አዋጥተን እንሞላልህ ነበር።"

"መጠየቅ አልችልበትም።"

ቦይቹክ የቱቦውን ቀይ ጫፍ ተመለከተ። የእናቱ ደረጃ አምና በምን ነዳጅ እንደተጠረገ አሁን ገባው። "ያመሰገንኩህን መልስልኝ አልልህም" አለው በመጨረሻ። "እናቴ አንድም ቀን አልወደቁበትም። አሁን ግን ተነስ፣ እንሂድ።"

*

ዓርብ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ቦይቹክ ነገሩን ከነሙከራው አስረዳ። ከጨረሰ በኋላ ጥሪው ይዘጋ ብሎ እጁን ያወጣ አልነበረም። ግሌን ተነስቶ አይላን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ ከማግስቱ ጀምሮም የበረዶ መጥረጊያውን ይዞ እንደሚወጣ፣ ነዳጁም የራሱ እንደሆነ ተናገረ።

አቶ ኤልመር ዓይናቸውን የገለጡት በዚያው ሰሞን ነው። አይላ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ጠፍቶ የነበረውን ረድፍ፣ ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገሯቸው። አዛውንቱ ጣሪያውን እያዩ አዳመጡ።

"የወሬ ማኅበርሽ ዘገየ" አሉ።

"ዘገየ፣ ኤልመር። ይቅር በለኝ።"

"ከዚህ ስወጣ ደውይልኝ እንግዲህ። በጊዜ ነው የምነሳው።" ከዚያ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥተው የአይላን እጅ ያዙ። "ስለመጣሽ አመሰግንሻለሁ።"

አይላ ያን ዕለት ከሆስፒታል በቀጥታ ምድር ቤታቸው ወረዱና ማክሮዋን አስተካከሏት። አሁን ቁጥር አትቆጥርም፤ ባዶ ረድፍ እስክታገኝ ድረስ ወደ ታች ትወርዳለች። ዝርዝሩ ቢረዝምም ቢያጥርም የሚቀርባት ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ቦይቹክ እናቱ በተዉለት ቤት፣ እናቱ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ሆኖ ዳቦውን ቅቤ ሲቀባ ስልኩ ጮኸ።

"ዋልት? ስምህ ወረቀቴ ላይ ወጣ።"

ቦይቹክ ቢላውን አስቀመጠ። "ለሙከራ የጻፍኩት ነው፣ ረስቼው። ያጥ—" አለና ቆመ። መስኮቱ ላይ በረዶ እየጣለ ነው። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ድምፅ ሌላ የሰው ድምፅ ከተሰማ ሰንብቷል።

"ላጥፋው?" አሉ አይላ።

"አያጥፉት።"

 አይላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በሥራ ድምፃቸው ጠየቁት።

"ተነስተሃል?"

"ተነስቻለሁ" አለ ቦይቹክ። "አይላ፣ ስለ እናቴ በቀብራቸው ዕለት ያመሰገንኩዎት ከሰው ጋር ተሰልፌ፣ እጅ ጨብጬ ብቻ ነው። ያቺ አንድ ክረምት ባትኖር ኖሮ ስንብት የሚባል ነገር አናገኝም ነበር። የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ።"

"እናትህም ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያስረዝሙብኝ" አሉ አይላ። "ሌሎች ይጠብቁኛል፣ ልጄ። ነገ እደውልልሃለሁ።"

ስልኩን ዘጉት። ቦይቹክ ዳቦውን አንስቶ በላ።